የዓርብ ወተት

ወይዘሮ ብዙወርቅ የወተቱን ጮጮ ከልጃቸው ከፀዲ እጅ መንጭቀው ወሰዱት። እስከ አፉ ሞልቶ ስለነበር ግማሹ ምንጣፉ ላይ ተደፋ።

"አንቺ! ዛሬ ዓርብ መሆኑ ጠፋሽ?"

የቤቱ እመቤት ካልቶማ የፈሰሰውን ወተት አዩ፤ ከዚያ ብዙወርቅን አዩአቸው። እጃቸውን ዘርግተው ኸይራን ከፀዲ ጭን ላይ አነሷት። የሦስት ዓመቷ ልጅ "አኮ" ብላ የአያቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

በቃ፣ አለቀ፣ አሉ ብዙወርቅ በሆዳቸው። ከዲላ ድረስ ተንገላተን፣ ድንበር ተሻግረን፣ በአንድ ጉንጭ ወተት ልጅቷን አጣናት።

ንዴታቸው መጀመሪያ የሄደው ሟቹ ልጃቸው ብሥራት ላይ ነው። በናይሮቢ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዳ እዚህ ሄሉ በምትባለው የድንበር መንደር የካልቶማን ልጅ ረምዚያን አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ ለእናቱ ትንፍሽ ሳይል ሞተ። የልጅ ልጅ እንዳላቸው የሰሙት ለቅሶ ተቀምጠው ነው። ኸይራ ጡት ሳትጥል ረምዚያም ተከተለችው። ዘጠኝ ዓመት ልጅ ለምና ያጣችው ፀዲ፣ "የወንድሜን ልጅ እኔ ላሳድጋት፤ በሕግም ልጄ ትሁን" ብላ ስትነሳ፣ ዳኛው "መጀመሪያ ከአያቷ ጋር ተስማሙ" አላት። ስምምነት ማለት ደግሞ በካልቶማ ቤት ወተት ነው። ልጅ ተቀባይ ከሰጪው እጅ ይጠጣል፤ ካልጠጣ አልተቀበለም።

አስተርጓሚው ሀላኬ የካልቶማ የእህት ልጅ ነው። አማርኛውን ከድንበሩ ማዶ ካለው ገበያ ስለለቃቀመው ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ይላል።

"ማማ፣ አንተ ለምን ደፋህ?" አላቸው። "ካልቶማ በጣም ተናደደ።"

"ትናደድ! ጾም ነው በላት። ዓርብ ነው!"

"እኮ ዓርብ! ዓርብ ጥሩ ቀን ነው፤ ጁምዓ ነው። ለዚህ ነው ዓርብ ያደረግን።"

"ለእናንተ ጥሩ! ለእኛ ጾም!"

ካልቶማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው በኦሮምኛ ረጅም ነገር ተናገሩ።

"ምን አለች?"

ሀላኬ ጢሙን አሻሸ። "እናቱ ሲሞት፣" አለ ወደ ኸይራ እያመለከተ፣ "ጡት የለ፣ ምን የለ። ይህ ልጅ በዚህ ጮጮ ነው ያደገ። እናቱ ይሄ ነው። አንተ እናቱን መሬት ደፍተህ ልጁን ስጠኝ ትላለህ?"

የብዙወርቅ ፊት ጋለ። እውነት በመሆኑ ይብስ ተናደዱ።

"እሷስ በረመዳን፣ በጠራራ ፀሐይ 'እንኪ ጠጪ' ብላት ትጠጣለች?"

ሀላኬ ተረጎመ። ካልቶማ እንደ እሳት ዞር አሉ።

"በረመዳን አልጠራህም አለ። ዓርብ ይመቻል ወይ ብዬ በስልክ ጠየቅኩ፤ 'እሺ' ብለህ አሁን ቤቴ መጥተህ ትጮህብኛለህ ወይ አለ።"

"እኔ? መቼ?" ብዙወርቅ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "እሺ ያለው ማነው?"

ፀዲ አንገቷን ደፋች። "እኔ ነኝ፣ እማዬ። ዓርብ ነይ ሲሉኝ… ደስታው ጾሙን የት አስታወሰኝ?"

"ሌላ ስንት ቀን እያለ!"

"ልጠጣው፣ እማዬ። ንስሐ እገባለሁ።" እጇን ወደ ጮጮው ዘረጋች።

"ንኪውና!"

ጮጮውን ከጀርባቸው ሸሸጉት። ዘጠኝ ዓመት በክረምት ጸበል ከእሷ ጋር የተንቀጠቀጡት እሳቸው ናቸው። ልጇን በተሻረ ጾም ትቀበልና ነገ ሕፃኗን ትኩሳት ቢይዛት፣ ፀዲ ዕድሜ ልኳን ራሷን ስትረግም ትኖራለች። አላስጠጣትም፣ አሉ። ባዶ እጇንም አልመልሳትም።

ውጭ የቆመው ባጃጅ ጥሩንባውን ነፋ። ኬላው ሳይዘጋ ተሻግረው በአገራቸው ምድር ማደር ነበር ሐሳባቸው። በሰው አገር፣ ያውም በማያውቁት ቤት ስለማደር ከዲላ ሲነሱ ጀምሮ "ሞቼ ነው ቆሜ!" ሲሉ ነው የመጡት።

"ሀላኬ፣ ንገራት። ዛሬ አልጠጣም፤ ልጄም አትጠጣም። ግን አንሄድም። እዚሁ እናድራለን። ነገ ጠዋት እሷው ትለብ፤ መጀመሪያ የምጠጣው እኔ ነኝ።"

"እዚህ? አልጋ የለም እኮ፣ ማማ።"

"አልጋ ጠየቅኩህ?"

ሀላኬ ተረጎመ። ካልቶማ ኸይራን እንዳቀፉ አንዲት አጭር ነገር ጣል አደረጉ።

"ታንኮራፋለህ ወይ አለ።"

"አዎ በላት! አንኮራፋለሁ። ትቻለዋ!" አሉ ብዙወርቅ። "ፀዲ፣ ውጪና ባጃጁን አሰናብቺው።"

ካልቶማ ምንጣፉ ላይ ጠጋ አላሉላቸውም፤ ውጡም አላሉ። ብዙወርቅ በተረፈችው ጠባብ ቦታ፣ ከልጅቷ እግር ሥር፣ እየተነጫነጩ ተቀመጡ።