ንድፉ ላይ ያልነበረችው

ኮምፒውተሩ «ይጮኻል» ይላል፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው አምፕሊፋየር ግን ጭጭ ብሏል።

«የቱ ነው የሚጮኸው? ይኼ?» አለ ጋሽ ጆሮ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ እየሰቀለ። ከላይ የተሰደሩት የመስታወት ቫልቮች ደብዘዝ ባለ ብርቱካናማ ብርሃን በርተዋል፤ ከስፒከሩ የሚወጣ ነገር የለም። «ይኼ ጩኸት ከሆነማ እኔም ስተኛ ኡኡ እያልኩ ነው ማለት ነው!»

ደስታውን ሊደብቀው አልቻለም። ከጠዋት ጀምሮ ሲጠብቅ የዋለው ይኼንኑ ነበር።

ጋሽ ጆሮ የሚለውን ስም ያወጡለት ሙዚቀኞች ናቸው። የጊታር አምፕሊፋየር ይሠራል፤ ያውም ዓለም ትቷቸው እሱ ባልተዋቸው አምፖል መሰል ቫልቮች። ንድፉን ራሱ ይስላል፣ የመጀመሪያውን ራሱ ይበይዳል፤ ከዚያ በሩን ዘግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። በዚያች ሰዓት መለኪያ የሚባል ነገር አጠገቡ አይደርስም። «በቃ!» ካለ በቃ ነው። የክዳኑን ብሎኖች ያጠብቅና በየራሳቸው ላይ ቀይ ቀለም ጠብ ያደርግባቸዋል። ከዚያ ወዲያ ክዳኑን የከፈተ ሰው ወዮለት! የወርክሾፑ ሕግ ይኼው ነው።

ሶፍትዌሩን ያመጣችበት የገዛ ልጁ ናት። ወርክሾፑን ሁለት ሆነው ነው የሚያካሂዱት፤ እሱ ይፈጥራል፣ እሷ አጽድታ፣ አሽጋ ለደንበኛ ታደርሳለች። ከወር በፊት ግን «አባዬ፣ አንድ ሰውዬ አዲስ ሶፍትዌር ሠርቷል። ንድፉን ስትሰጠው፣ ገና ብየዳ ሳትጀምር፣ አምፑ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያወጣና የቱ ጋ እንደሚበላሽ ይነግርሃል። እናንተ ጋ ልፈትነው እያለ ነው» ብላ መጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነገሩ አልጥም አለው። ለሽማግሌ ማሽን አምጥቶ «ይርዳህ» ማለት፣ «ጡረታ ውጣ» ከማለት በምን ይለያል? ዛሬ ቁርጡን መናገር አለበት። እሺ ካለ፣ ከእንግዲህ እያንዳንዱ ንድፍ እሱ ጆሮ ከመድረሱ በፊት በዚያ ማሽን በኩል ያልፋል። የጆሮው ቃል የመጨረሻ መሆኑ ቀረ ማለት ነው። ጠርጥር የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው መቼም የሥጋ ዘመዱ ሳይሆን አይቀርም።

ፈተናው ቀላል ነበር። ልጁ ከድሮ ሥራዎቹ ጥቂቶቹን አዘጋጀች። ሶፍትዌሩን የሠራው እንግዳ ንድፋቸውን ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስገባል፤ ኮምፒውተሩ የሚሆነውን ይተነብያል፤ ከዚያ እውነተኛው አምፕ ተከፍቶ ይመሳከራል። ተራ በተራ ልክክ አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን በተደሰተ። ጋሽ ጆሮ ግን ይብሱን ጠረጠረ። እንዲህ አንድም ሳይስት የሚመልስ የፈተናውን መልስ አስቀድሞ ያየ ተማሪ ነው፤ ማን አሳየው? አለ በሆዱ። ልጁን በዓይኑ ጠርዝ አያት። ከዚያ ማንንም ሳያማክር ወደ መደርደሪያው ሄደና፣ ለደንበኛ ሊላክ የታሸገውን የቅርብ ጊዜ ሥራውን አወረደ። ንድፉን ከመሳቢያ አውጥቶ ለእንግዳው በእጁ ሰጠው። ኮምፒውተሩ አሰበ፣ አሰበና ፍርዱን ሰጠ፤ ይኼኛው አምፕ ገና ሲከፈት፣ ማንም ሳይነካው፣ እጅግ ቀጭን በሆነ ድምፅ ያለማቋረጥ ይጮኻል።

እንግዳው አልተከራከረም። ጸጉሩ ከፊቱ የሳሳ፣ ዝግ ያለ ሰው ነው። «ሊሳሳት ይችላል ጋሼ። ለፈተና ያመጣሁትም ለዚሁ ነው። ግን ባይከፋዎት፣ አንድ ጊዜ በመለኪያ ብናየው...»

«ጆሮዬ እያለ?»

«ተሳስቷል በቃ!» አለች ልጁ ድንገት። «ግልጽ እኮ ነው። ለዛሬ እንዝጋውና ምሳ እንብላ።»

ጋሽ ጆሮ ዞር ብሎ አያት። ወር ሙሉ ለዚህ ሶፍትዌር ጠበቃ ሆና የቆመች ልጅ፣ ገና በመጀመሪያው ስህተት ጥላው ትሄዳለች? ይህቺ ልጅ ሕፃን ሆና እንኳ ተሸነፍኩ ብላ ጨዋታ አቋርጣ አታውቅም።

«ምሳው ይደርሳል» አለና ካቻቢቴውን አነሳ። «ከፍቼ ላሳየው። ንድፉና ሥራው አንድ መሆኑን በዓይኑ ይይ፤ ኋላ ሽማግሌው አጭበረበረኝ እንዳይል።»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ እንደሱ አልልም!»

«አባዬ ተው እንጂ! የታሸገ ዕቃ ምን ያስከፍትሃል? ነገ የሚሄድ ነው እኮ።»

አምፑን አጥፍቶ በጎኑ አስተኛው። ካቻቢቴው ብሎኑ ላይ ከማረፉ በፊት ግን እጁ ቆመ። ቀዩ ቀለም በቦታው አለ። ክብ ነው፣ ጥንቅቅ ያለ ነው፣ ከብሎኑ ራስ ዝንፍ አላለም። የእሱ ቀለም ሁልጊዜ ይዝረከረካል፤ እንዲያውም ስለ መዝረክረኩ ስንት ጊዜ ስቃበታለች። አሁን ግን አልሳቀችም።

ክዳኑን ፈታ። ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ ሰው ይገድላልና እስኪረግብ መጠበቅ ነበረበት። ቆሞ ጠበቀ። መጠበቅ ደግሞ ሐሳብ ይጠራል፤ ልጁ ከጀርባው ስትተነፍስ ይሰማዋል፣ እንግዳው የማያስፈልግ ነገር በኮምፒውተሩ ላይ ይነካካል። በመጨረሻ መብራቱን አስጠግቶ ወደ ውስጥ ተመለከተ።

ሽቦዎቹ እሱ እንዳሰለፋቸው ናቸው። ከሁለተኛው ቫልቭ እግር አጠገብ ግን አንዲት ሰማያዊ ካፓሲተር ተበይዳለች፤ ከምስር ፍሬ አትበልጥም። ንድፉ ላይ የለችም። እሱም አላስገባትም። ለምን እንደገባች ለማወቅ ግን ማሰብ አላስፈለገውም፤ እዚያ ቦታ እንዲህ ያለች ዕቃ የምትገባው ቀጭን ጩኸት ለማፈን ብቻ ነው። ማን እንዳስገባትም ያውቃል። ብየዳ እንደ አረማመድ ነው፣ ባለቤቱ ከሩቅ ይለያል፤ እሷን ደግሞ ያስተማራት ራሱ ነው።

«ይቺን ማን አስገባት?»

እንግዳው ከወንበሩ ብድግ አለ። «እኔ ውጭ ብጠብቅ ይሻላል መሰለኝ...»

«ቁጭ በል! ይጮኻል ያልከው አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ» አለች ልጁ።

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ለጥንቃቄ ነው አባዬ።»

ደሙ ፈላ። እሱ በቃ ያለውን! ከጀርባው ከፍታ፣ ድምፁን ነካክታ፣ በቀይ ቀለም ሸፋፍና! ስንቱን ከፍታለች? ሙዚቀኞቹ እጅህ ይባረክ ሲሉት የኖሩት በማን ሥራ ነው? ንቀት ይሆን? ወይስ ከዚህ ሰውዬ ጋር መክራ፣ ሽማግሌውን ከገዛ ወንበሩ ቀስ አድርጋ ልታስነሳው? የጠረጠረው ነገር ብዙ ነው። ራሱን ግን አልጠረጠረም።

«እሺ፣ እንተያያለን!» አለና መቁረጫ ፒንሳውን አንስቶ ካፓሲተሯን ከእግሯ ቀነጠሳት።

«አባዬ፣ ስሞትልህ!»

አምፑን አቀናና ማብሪያውን ተጫነ። ቫልቮቹ መሞቅ ጀመሩ። ብርቱካናማው ብርሃን ቀስ እያለ መጣ። ጋሽ ጆሮ እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ጸጥታ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሚያውቀው፣ የጥሩ ሥራ ጸጥታ።

«ሰማችሁ?» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ። ድምፁ ላይ ፌሽታ ነበረበት። «ጭጭ! የታለ ጩኸቱ? ማሽኑም ውሸታም፣ አንቺም...»

ዓይኑን ገለጠ።

እንግዳው ፊቱን አጨማዶ፣ በመዳፉ አንድ ጆሮውን ደፍኗል። መታየቱን ሲያውቅ ደንገጥ አለና፣ እንዳሳከከው ሰው ጆሮውን አከክ አከክ አድርጎ እጁን አወረደ።

ልጁ ንቅንቅ አላለችም። እጆቿ ወደ ታች እንደተዘረጉ ናቸው፣ ፊቷም የረጋ ይመስላል። ግን ጥርሷን ነክሳለች፤ የጉንጯ ጡንቻ ይርገበገባል፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ጸጥ ነው?» አላት። ድምፁ ወርዷል።

«ጸጥ ነው አባዬ!»

የተናገረችው ከወትሮዋ ጮክ ብላ ነው፤ ወፍጮ ቤት ውስጥ እንደሚያወራ ሰው። ያን ጊዜ ገባው። ፈራ። ልጁ ፊት፣ ባዕድ ሰው ፊት፣ መሬት ላይ እንደተተወ ሕፃን ፈራ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምትከፍቻቸው?»

መሬት መሬት አየች። «ቀጭኑ ድምፅ እንደሚያመልጥህ ከቆየሁ በኋላ ነው ያወቅኩት... መጀመሪያ ስህተት መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሌላኛውም፣ ሌላኛውም ጮኸ። ልነግርህ አስቤ ስንቴ መጣሁ፤ አፌ እምቢ አለኝ። ወደፊት ገና ንድፉ ላይ እያለ ማሽን ከነገረህ አይከብድህም ብዬ ነው እሱን ያመጣሁት። ዛሬ ያልነካኋቸውን የድሮዎቹን ብቻ አይቶ እንዲሄድ ነበር፤ ይኼን አንተ...»

«እኔ አመጣሁት» አለ።

ጣቱ ማብሪያው ላይ ነው። አላጠፋውም።

«ጆሮሽን ያዢ እሺ» አላት። «ለእኔ ብለሽ አትሰቃዪ የኔ እናት።»

ሁለት እጆቿን ጆሮዎቿ ላይ ደፈነች። እንባዋም ወረደ። ጋሽ ጆሮ ጎንበስ ብሎ የስፒከሩን ጨርቅ በጆሮው ነካው፤ ትንፋሹን ዋጠ። ውጭ ከባድ መኪና ሲያልፍ ሰማ። የገዛ ልቡን ሰማ። ሌላውን ጆሮውን አዙሮ ሞከረ፤ ዓይኑን ጨፈነ፣ ገለጠ። ያው ነው።

«ምን ይመስላል?» አላት፣ ካጎነበሰበት ሳይነሳ።

አልሰማችውም። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ግን አየች፤ እጆቿን ከጆሮዎቿ ላይ ቀስ ብላ አወረደች።

«ድምፁ ነው ያልኩሽ። ምን ይመስላል?»

መጥታ አጠገቡ ጎንበስ አለች። ጉንጯን ከጨርቁ አስጠጋችና፣ ልትነግረው ማዳመጥ ጀመረች።