እለፍ ሲሉት የማይገባው መኪና

መኪናው ዜብራው ጋ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። መሪውን የነካው ሰው የለም። የሹፌሩ ወንበር ላይ የተቀመጠችው የመንጃ ፈቃድ አስተማሪ አንገቷን አስግጋ ወደ መንገዱ ዳር ተመለከተች። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ስታስተምር ኖራ፣ ካለፈው ወር ጀምሮ ራሱን የሚነዳ መኪና ትፈትናለች። የዛሬውን ፈተና ካለፈ ከሰኞ ጀምሮ ያለ ሹፌር ሰው ያመላልሳል። ለመጀመሪያው ጉዞ የተመዘገቡት ደግሞ ከኋላ የተቀመጡት አባቷ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው፣ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ሰው ካልወሰዳቸው ከቤት አይወጡም።

“ለምን ቆመ?” አሉ አባቷ።

“አንድ ሽማግሌ ሊሻገሩ መስሎት ነው።”

“ታዲያ አይሻገሩም?”

“እለፉ እያሉ በእጃቸው ያሳያሉ። እሱ አልገባውም።”

ሽማግሌው እጃቸውን ደግመው አወዛወዙ። መኪናው ንቅንቅ አላለም። ከኋላ የክላክስ ጩኸት በረታ።

ከጎኗ ላፕቶፑ ላይ ያቀረቀረው ኢንጂነር ቀና አለ። “ቲቸር፣ መሪውን ይያዙትና እንለፍ በቃ።”

“ቆይ እስቲ፣ ምን እንደሚያደርግ ልየው።”

አባቷ ሳቁ። “አትፍረጂበት። እኔም እኮ እጃቸውን አላየሁም።”

ሽማግሌው በመጨረሻ ተስፋ ቆርጠው እያጉረመረሙ ተሻገሩ። መኪናው ማዶ እስኪደርሱ ጠብቆ ቀስ ብሎ ተነሳ። ገረማት። የእሷ ተማሪዎች ገና ክላክስ ሲሰሙ ደንግጠው ነዳጅ ይረግጣሉ።

ጥግ ይዘው ሲቆሙ ኢንጂነሩ ታብሌቱን አቀበላት። “ማንንም አልገጨም። አልፏል እንበል?”

አባቷ ለሰኞ ሸሚዛቸውን እንኳ አስተኩሰው ሰቅለዋል። ብቻቸውን የድሮ ባልደረባቸው ቤት ሊሄዱ ነው። እሷ ጣቷን ታብሌቱ ላይ ትንሽ አቆየችና “ወድቋል” የሚለውን ነካች።

“ጨከንሽ፣ ልጄ።”

“ሰኞ ከፊት የሚያይልህ ሰው የለም፣ አባዬ።”

ፊቷን ወደ ኢንጂነሩ አዞረች።

“እንዴት ነው የሚማረው?”

“ደጋግሞ በማየት። ግን ቢሮው ቪዲዮ እስኪያዘጋጅ ወራት ይፈጃል።”

“አንተ እዚህ ተቀመጥና አዙረህ አምጣው” አለችው ቀበቶዋን እየፈታች።

ከመኪናው ወርዳ ወደ ዜብራው በእግሯ ተመለሰች። መንገዱ ዳር ቆመችና እጅጌዋን ሰብስባ እንደ ሽማግሌው “እለፍ” ልትለው እጇን አነሳች።