መዶሻውን የሰጠችው

“መዶሻውን ማነው የሰጠው?” አለና የሟች ታላቅ ወንድም ባዶውን ወንበር በእርግጫ አነሳው። ወንበሩ ከግድግዳው ተላትሞ አንድ እግሩ ተሰበረ። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ሴቶች የሻይ ብርጭቆአቸውን ጭናቸው ላይ አጥብቀው ያዙ።

“እኔ ነኝ ጋሼ። እርስዎም ያውቁታል” አለች ሚስትየው ከተቀመጠችበት ሳትነሳ።

“ታዲያ ወንድሜን የገደልሽው አንቺ ነሻ። በሽተኛውን ሰው መስበር አስለመድሽው፤ መጨረሻ ላይ ራሱን ሰበረ።”

ጥግ ላይ አንዷ ለጎረቤቷ፣ “ራሱን ነው ያጠፋው አሉ እኮ” ብላ አንሾካሾከች። ሚስትየው ሰማች። ከሞቱ እኩል የሚያንገበግባት ይሄ ነበር፤ ባሏ “መኖር ጠልቶ ሄደ” እንደተባለ ሊቀር ነው።

ባሏ መስታወት ቆራጭ ነበር፤ ምላሱም እንደ መቁረጫው የሰላ። ሐኪሙ ኤም ኤስ ያለው በሽታ የነርቮቹን ሽፋን መብላት ሲጀምር፣ አንድ ቀን ዓይኑ ይደበዝዛል፣ ሌላ ቀን እግሩ ይከዳዋል፣ ደግሞ ምንም እንዳልነካው ሆኖ ይነሳል። ሕመሙንስ ቻለው። ያልቻለው ነገን መጠበቁን ነው። “ሌባ ቢሆን በር እቆልፍበት ነበር፤ ይሄ ግን እኔው ውስጥ ነው የሚያድረው” ይላት ነበር።

ታላቅየው ደግሞ ወንድሙን ሲወድ ለጉድ ነው። የጭነት መኪናውን አቁሞ ይመጣና ጢሙን ይላጨዋል፣ ጫማውን ያስርለታል። ሐኪሙ “እንዴት አደርክ?” ሲለው እንኳ “ደኅና አድሯል” ብሎ የሚመልሰው እሱ ነው። ሰውየው አፍ እያለው ዲዳ ሆነ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ከረመ። አንድ ቀን ሚስቱ ልታጎርሰው ማንኪያ ስታነሳ ሳህኑን አሽቀንጥሮ አንገቷን አነቀ። እጁን ነክሳ አመለጠች። ከሱቁ መዶሻ ይዛ ስትመለስ ልትፈልጠው መስሎት ዓይኑን ጨፈነ።

“ቤቴን ከምታፈርስ ቁርጥራጩን ስበርልኝ” ብላ ጭኑ ላይ ጣለችለት።

የተረፈ መስታወት ለማቅለጫ የሚሄደው ተሰባብሮ በበርሜል ነው። ተቀምጦ ያደቀው ጀመር፤ አንዱን “ይሄ ሐኪሙ ነው”፣ ሌላውን “ይሄ እግሬ ነው” እያለ።

“ይሄ ትልቁስ?”

“ጋሼ ነው። እሱን እንኳ ቀስ ብዬ ነው” አለና ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ በርሜሉ የእሱ ሥራ ሆነ። እግሩ አልዳነም፤ ሰውየው ግን ተመለሰ። እግዜር የሰጠው እጅ ሥራ ሲያገኝ ፍርሃቱም ጋብ ይል ነበር። ታላቅየው መጥቶ ይህን ሲያይ ግን መዶሻውን ቀማው፤ ሱቁን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። “አንተ ዕረፍ፤ እኔ አለሁልህ” አለው። ባለፈው ሰኞ ሚስትየው ከገበያ ስትመለስ የሱቁ በር መስታወት በቡጢ ተሰብሮ አገኘችው። ደሙ ከደጁ ጀምሮ ወደ ውስጥ ይመራ ነበር፤ ባሏ እዚያው ደሙ ፈስሶ ሞቷል።

“ጋሼ፣ በሩን ሰብሮ ምን አደረገ?” አለች አሁን። “እጁን ሰዶ ከውስጥ ከፈተው። ገብቶ በርሜሉ አጠገብ ተቀመጠ። መዶሻ ቢያጣ ሊሰብርበት የሚዛኑን ብረት ጭኑ ላይ አኖረ።”

“ሊሞት ነዋ የገባው።”

“ሬሳውን ሲያነሱ ዓይኑ ላይ ምን ነበር?”

ታላቅየው ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

“የሥራ መነጽሩ” አለች። “ስብርባሪ እንዳይገባበት አድርጎት ነበር። ሊሞት የተቀመጠ ሰው ለዓይኑ ይሳሳል? ሥራ ሊሠራ ነው የገባው፤ እጁ መቆረጡን እንኳ ያወቀ አይመስለኝም። መዳፉ ከደነዘዘ ቆይቷል።”

ታላቅየው ግንባሩን ከበሩ መቃን ጋር አጋጨው፤ ደገመው። ሁለት ጎረምሶች ጎትተው አስቀመጡት። “ያወለቅሁለት እኔ ነኝ” አለ፣ ደሙ ቅንድቡ ላይ እየወረደ። “መነጽሩን እኔ ነኝ ያወለቅሁለት።” ያቺ ያንሾካሾከችው ሴት መሬት መሬት አየች።

የወንድማማቾቹ እናት ከለቀስተኞቹ መሐል ተቀምጠው ነበር። አሁን በእርጅና የሚንቀጠቀጥ እጃቸውን ወደ ሻዩ ላኩ። ግራና ቀኝ የተቀመጡት ሊያነሱላቸው ተሽቀዳደሙ፤ ታላቅየውም ባለበት እጁን ዘረጋ። ሚስትየው ክንዷን በመሐል አድርጋ ሁሉንም ከለከለች።

ሻዩ የአሮጊቷ ቀሚስ ላይ ፈሰሰ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ብርጭቆው ጥርሳቸውን እያንኳኳ ከንፈራቸው ደረሰ፤ ጠጡ።

ታላቅየው የዘረጋትን እጁን ሰበሰባት። ጭኑ ሥር ከተታትና ተቀመጠባት።