ዘጠነኛው ደብተር

አባቴ «አልመጣም» ካለ አልመጣም ነው፤ በሬ ጠምደው ቢጎትቱት ንቅንቅ አይልም። እኔም የሱ ልጅ ነኝና ነገሩን በዋዛ አልተውኩትም።

«አባዬ፣ ሰው ሁሉ ይመጣል! ግድግዳው ላይ የሚገለጠው ያንተ ስም እኮ ነው!»

«ይገለጥ። እኔ አልመጣም።»

«ምክንያቱን ንገረኛ!»

«የጻፍሽው ልክ አይደለም» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ።

ልክ አይደለም ይለኛል! ደሜ ፈላ። ስድስት ወር ሙሉ ዓይኔ እስኪቀላ የለፋሁበትን!

የወንዙ ሙዚየም አስጎብኚ ነኝ። ሙዚየማችን ድሮ የውሃ ፓምፕ ቤት የነበረች ሦስት ክፍል ናት፤ ያን ዕለት አሥራ አምስተኛ ዓመቷን እናከብር ነበር። ውስጧ የተበጫጨቀ መረብ፣ ሁለት ጀልባ፣ የልብስ ማጠቢያ ድንጋይ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአባቴ ሠላሳ አንድ ደብተሮች አሉ። አባቴ የወንዝ ልክ አንባቢ ነበር። ጧትና አመሻሽ ወንዝ ይወርዳል፤ ውሃው ውስጥ የተተከለ፣ ቁጥር የተጻፈበት ብረት አለ፤ ውሃው የደረሰበትን ቁጥር አይቶ ደብተሩ ላይ ያሰፍራል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። ዛሬ የሚያነበው ማሽን ነው። ለሴንቲሜትር ሟች ስለሆነ ሰፈሩ «ጋሽ ሴንቲ» ይለዋል።

ዳይሬክተሯ ለበዓሉ ሰሌዳ ስታሠራ ጽሑፉን ለኔ ሰጠችኝ። ደብተሮቹን ገጽ በገጽ አገላበጥኩ፤ አንድም ባዶ ሣጥን የለም። «ሠላሳ አንድ ዓመት፣ አንድም ቀን ሳያጓድል» ብዬ ጻፍኩ። በዋዜማው በደስታ ካነበብኩለት ሰዓት ጀምሮ ፊቱ ጠቆረ።

እውነቱን ልናገርና፣ ስጽፈው ኩራትም ቅናትም ነበረብኝ። ትምህርት ስጨርስ አባቴ አልነበረም፤ ወንዝ ወርዷል። በሠርጌ ቀን ፎቶ ልንነሳ ስንል አባት የለም፤ ወንዝ ወርዷል። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ወንዙ የበኩር ልጁ ነው፣ አንቺ ታናሽ ነሽ» እያለች ታስቀኝ ነበር። እስቃለሁ፤ ግን ከአንጀቴ አልነበረም። አንድ ልጅ ሆኖ ሁለተኛ መሆን ያማል።

አሁን ደግሞ ወንዙን ማሽን በሚያነብበት ዘመን፣ እኔ በደከምኩበት በዓል ላይ ሊቀር! «እንግዲያው ቅር! የለመድኩት ነው!» ብዬ በሩን ድርግም አድርጌ ሄድኩ። መንገድ ላይ እንባዬ መጣ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ጀልባ ቀዛፊዎች፣ አሸዋ አውጪዎች፣ ልብስ አጣቢ እናቶች፣ ማን ቀረ? የፊተኛው ወንበር ላይ ግን «ጋሽ ሴንቲ» የሚል ወረቀት ብቻ ተቀምጧል። ዳይሬክተሯ በዓይኗ «የታሉ?» ትለኛለች፤ እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ። የሰሌዳው መጋረጃ ተገልጦ ሰው ሊያጨበጭብ ሲል ከኋላ «ቆይ!» የሚል ድምፅ መጣ።

አባቴ ነው። የቤት ሹራቡን እንደለበሰ፣ ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ። ሰው መንገድ ለቀቀለት። ቀጥ ብሎ ደብተሮቹ ወዳሉበት የመስታወት ሣጥን ሄደና ዳይሬክተሯን «ልጄ፣ ክፈቺልኝ» አላት። ከፈተችለት። ዘጠነኛውን ደብተር አውጥቶ ሳያገላብጥ አንዱን ገጽ ገለጠ።

«ይቺ ቁጥር ውሸት ናት» አለ። «ያን ቀን ጧትም አመሻሽም አልወረድኩም። የትናንቱን ደግሜ ጻፍኩ። ሰሌዳው ላይ ያለው ልክ አይደለም።»

እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አንዲት ልብስ አጣቢ «ውይ ጋሽ ሴንቲ! በሠላሳ አንድ ዓመት አንዲት ቀን! ማን ይጠይቅዎታል?» አለች፤ ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

«ምን ገጥሞዎት ነው?» አለች ዳይሬክተሯ ቀስ ብላ።

«ልጅቱ ታማብኝ።» እኔን አያየኝም፤ የሚያየው ደብተሩን ነው። «አራት ዓመቷ ነበር። ትኩሳቱ ሦስት ቀን አልበርድ አለ። እናቷ ስታስታምም ሰንብታ እንቅልፍ ጣላት። ልጅቱ ጣቴን ጨብጣ ተኝታለች፤ ልነሳ ስል ትነቃለች። ወንዙ ይቅር አልኩ። በነጋታው ዳነችልኝ። ሣጥኑን ባዶ መተው ግን አፈርኩና ዋሸሁ።»

እኔ ይህን አላውቅም። ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ስንት ዓመት ያኮረፍኩትን ሰው!

አባቴ እርሳሱን ከጆሮው አወረደ። ዳይሬክተሯ «አባባ፣ የሙዚየም ንብረት ላይ እኮ...» ስትል «ደብተሩ የኔ ነው፣ ገና አላለቀም» አላት። ቁጥሮቹን በአንድ መስመር ሰረዘ። ጎን ላይ «ማስታወሻ» የሚል ሣጥን አለ፤ እዚያ ውስጥ ቀስ እያለ ጻፈና ደብተሩን ወደኔ ዘረጋ።

«በይ አንብቢላቸው፤ ሥራሽ አይደል?»

«አልተነበበም። ልጄን ይዤ ነበር።» ብዬ በለሆሳስ አነበብኩ።

«ጮክ በይ እንጂ» አለ አባቴ፤ «ኋላ ያሉት አልሰሙም።»

እንባዬን በእጅጌዬ ጠረግኩና ጮክ ብዬ ደገምኩት። ለሦስተኛ ጊዜ ቢያዘኝም አነበው ነበር።