የጓዴ መንጠላጠያ

«ቀኑን አውቆት ነበር እኮ!» አለች ጎረቤቷ ውባለም፣ ከሰፌዱ ንፍሮ እየዘገነች። «የራሱን ቃሬዛ በገዛ እጁ አበጅቶ ሄደ። እንዲህ ያለ ሞት ለማን ይሰጣል?»

ሐረገ ወይን ከዳሱ ጥግ ተቀምጣ ታዳምጣለች። ባሏ ጓዴ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። የሐምሌ ጉም ዳሱ ውስጥ ገብቶ የለቀስተኞቹን እግር ስለሸፈነው፣ ሰዎቹ መሬት ሳይነኩ የሚሄዱ ይመስሏት ነበር። ከጓሮ ፋስ እንጨት ሲጠርብ ይሰማታል። ጓሮው ውስጥ ግን ማንም አልነበረም።

«ደግሞኮ ጎረቤታችን ታፈረ ቃሬዛውን ሲሸከም አይቶታል» ቀጠለች ውባለም። «ርብራቡን በአንድ ወገን ጠጋ ጠጋ አድርጎታል አለኝ። ራስጌው እንዳይጎረብጠው ነዋ!»

የንስሐ አባታቸው አባ ገብረ መድኅን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ነገ በሣልስቱ ለሕዝቡ እናገራለሁ። ቃሬዛውም ከደጀ ሰላሙ ይቀመጥ፤ ሰው እያየው ለሞቱ ይሰናዳ» አሉ።

ሐረገ ወይን ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ባሏን ጻድቅ አድርገውላታል። ይህን ክብር በገዛ አፏ ልትገፈው ነው? ዓይኗን ጨፈነች። ጓዴም እዚያው ጉሙ ውስጥ እንጨት እያገላበጠ መጣባት።

በግንቦት የልጅ ልጃቸው ማሬ ከጓሮው ዋንዛ ላይ ወድቃ ክንዷ ተሰብሮ ነበር። ወጌሻው አስሮላት ሲሄድ ሐረገ ወይን ዋንዛው ካልተቆረጠ ብላ ተነሣች። ጓዴ ሳቀባት።

«ዛፉ ምን አደረገ? ልጅ ካልተንጠላጠለ ምኑን ልጅ ሆነ? መውጫውን ነው ማበጀት።»

ከዚያ ወዲያ ሥራው እንጨት መምረጥ ሆነ። ወይራው ይከብዳል፤ ልጆቹ ላይ ቢወድቅ ይጨርሳቸዋል አለ። ባሕር ዛፉን በመዳፉ ዳሰሰና ዝናብ ሲነካው ያሟልጫል ብሎ ተወው። አርብ ገበያ ድረስ ሄዶ የሰው አጠና ሲያገላብጥ ውሎ ባዶ እጁን ተመለሰ።

«እኔን ስታገባ እንዲህ አልተጨነቅህም» አለችው።

«አንቺንማ አባቴ ነው የመረጠልኝ። ብትከፊ በሱ አሳብብ ነበር። ይኸን በማን አሳብባለሁ?»

በመጨረሻ ሁለት ቀጥ ያሉ የጽድ እንጨቶች ተሸክሞ መጣ። ማሬን ከጎናቸው አቁሞ «እግርሽን አንሺ» ይላታል፤ ባነሣችበት ልክ በከሰል ያሰምራል። የታችኞቹን መርገጫዎች በእሷ ልክ አቀራርቦ በጠፍር አሰራቸው። ወደ ላይ ሲሄድ ግን እያራራቃቸው ሄደ።

«ኧረ እዚያ አትደርስም!» አለች ሐረገ ወይን።

«ታድጋለቻ! እዚህኛው ላይ የደረሰች ቀን፣ እኔ ከታች ቁጭ ብዬ አያታለሁ።»

በማግሥቱ ጎኔን ወጋኝ ብሎ ጋደም አለ። አልተነሣም።

ቃሬዛ የሚፈልጉት ሰዎች ያንን መውጫ ከጓሮ አገኙት። ሐረገ ወይን ያየችው ጓዴን በሱ ተሸክመው ከደጅ ሲወጡ ነው። «አይደለም! ኧረ እሱ አይደለም!» ብላ ጮኸች። ለቀስተኛውም «እውነቷን ነው፣ እንዴት ብላ ትመን!» እያለ አብሯት አለቀሰ።

በሣልስቱ ጸሎቱ አልቆ አባ ገብረ መድኅን ሊናገሩ ሲነሡ፣ እሷም ተነሣች።

«አባ፣ ይፍቱኝ። ጓዴ ቀኑን አላወቀም።»

ለቀስተኛው ወደ እሷ ዞረ።

«ያ ቃሬዛ አይደለም፤ የልጆች መንጠላጠያ ነው። ጠጋ ጠጋ ያለው ለማሬ እግር ነው። ራቅ ራቅ ያለው ስታድግ ነው። ጓዴ ለሞት አልተሰናዳም፣ አባ። እሷ ስታድግ ሊያይ ነበር። መኖር አምሮት ነበር!»

እስከዚያች ሰዓት ሁሉም ያለቀሰው እያደነቀ ነበር። አሁን ለጓዴ ተለቀሰለት። ታፈረ ትከሻውን ይዞ እንደ ልጅ አነባ።

አባ ገብረ መድኅን ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «ያላወቅነውስ እኛ ነን» አሉ። «ግን ልጄ፣ ሬሳ የወጣበት ነገር ወደ ቤት አይመለስም።»

«መጽሐፍ ነው አባ?»

«መጽሐፍስ አይደለም። የአገር ልማድ ነው።»

«መጽሐፍ ካልሆነ ይፍቀዱልኝ።»

አባ መስቀላቸውን ሲያገላብጡ ቆዩ። «እንግዲህ ውሰጅው» አሉ።

ከታፈረ ጋር ከቤተ ክርስቲያኑ ተሸክመው አመጡት፤ ዋንዛው ላይ አስደግፈው አቆሙት። የሰፈሩ ልጆች ሮጠው መጡና ራቅ ብለው ቆሙ። እናቶቻቸው ከኋላ ያዟቸው። ውባለምም ማሬን ወደ ቀሚሷ ሳብ አድርጋ «የሬሳ ነው፣ እንዳትነኪ» አለቻት፤ ቀስ ያለች መስሏት ነበር። ማሬ አያቷን ቀና ብላ አየች።

ሐረገ ወይን ወደ መንጠላጠያው ሄደች። ከል ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ በባዶ እግሯ የመጀመሪያውን መርገጫ ረገጠች። ሁለተኛውን ረገጠች። ጠፍሩ ሲጢጥ አለና ጸና። ሴቶቹ «ኧረ በማርያም!» አሉ፤ ባሏን ከቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው፣ ዛፍ ላይ ልትወጣ ነው! እሷ ግን ወጣች። ራቅ ራቅ ያሉት ጋ ስትደርስ እግሯን ከፍ አድርጋ አነሣች። ጉሙ ከበታቿ ነበር። ጽዱን በሁለት ክንዷ አቅፋ፣ ግንባሯን አስደግፋ፣ ለብቻዋ ጥቂት አለቀሰች።

ከዚያ ወደ ታች ዞር አለች።

«ነይ ማሬ» አለች። «ይችለናል።»

ሰውነቷንም ወደ አንድ ጎን ሰብስባ ለልጅቱ ቦታ ለቀቀችላት።