ሴሪንን ላውልቃት

ልጅቷ በሟቿ ፎቶ ፊት ሁለተኛውን ስግደት ሰግዳ መነሳት አቃታት። ግንባሯን ምንጣፉ ላይ እንደደፋች "እማዬ፣ እማዬ" ትላለች።

የማን እማዬ? ዩንሄ ጥቁር የሐዘን ልብሷን ለብሳ ከፎቶው አጠገብ ቆማለች። የሟች ብቸኛ ልጅ እሷ ናት። የሐዘኑ ሁለተኛ ቀን ነው፤ እስካሁን አላለቀሰችም።

ጥግ ላይ ቀዩን የሥጋ ሾርባ ከበው የተቀመጡት የሟች የፋብሪካ ጓደኞች ቀና አሉ።

"ልጇ ይቺ ናት?"

"ኧረ የቆመችው ናት። የሴኡሏ።"

"እኔማ የምታለቅሰዋ መስላኝ።"

"የሴኡል ሰው እንባውም በቀጠሮ ነው።"

ዩንሄ ሰምታለች።

እናቷ ማልሱን ዴጉ ከተማ ውስጥ አርባ ዓመት የሽመና ማሽን ላይ ሠርታለች። ጡረታ ወጥታ የልብ ምቷ መዛባት ሲጀምር፣ አንድ ላቦራቶሪ የሚሠራውን ካናቴራ ለመሞከር ተመዘገበች። ካናቴራው የብር ክር ገብቶበታል። ምቷንና ትንፋሿን ቀን ከሌት እየለካ፣ ደረቱ ላይ በምትሰካ ቁልፍ በኩል ወደ ተመራማሪዋ ስልክ ይልካል። ተመራማሪዋ ሴሪን ናት፤ አሁን ምንጣፉ ላይ የተደፋችው። የመጀመሪያ ቀን ማልሱን ጨርቁን በጣቶቿ ዳብሳ "ሽመናው ልል ነው፤ ሁለቴ ሲታጠብ ይጨማደዳል" አለቻት። እንዳለችውም ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሴሪን ከቤቱ አልጠፋችም።

"ትናንት ደረጃውን ስወጣ ደወለችልኝ" ትል ነበር እናቷ በስልክ። "'እማዬ፣ ቀስ በይ' አለችኝ። ልቤን እኮ ከቤቷ ሆና ታየዋለች።"

"ጎበዝ ናት" ትላለች ዩንሄ ጥርሷን ነክሳ።

ከሰዓት በኋላ አስከሬኑ ሳጥን ውስጥ ሊገባ ሲል ሴሪን ኮሪደሩ ላይ ጠጋ አለቻት።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እሑድ እሑድ ከሰዓት ለአንድ ሰዓት ያህል ምቷ ይጠፋብኝ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ። ስጠይቃት 'የግሌ ነው' ትለኛለች። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቅር ይለኝ ነበር።"

ዩንሄ ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አላት።

"ካናቴራው ወሬ ይሰማል ብላ ነው" አለች። "እሑድ ስደውልላት 'ቆይ፣ ሴሪንን ላውልቃት' ትለኝ ነበር።"

ሴሪን ሳቅ አመለጣት። "አይሰማም እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"አልነገርሻትም?"

"አልነገርኳትም።" ያቺ አንድ ሰዓት የሷ ብቻ ነበረች። ለምን ትነግራታለች?

ሴሪን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ባለፈው እሑድም ምቷ ጠፋ። እንደ ሁልጊዜው ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሲመሽም አልተመለሰም።"

"ደውዬ 'እንግዶች አሉብኝ፣ ቆይቼ እደውላለሁ' አልኳት። 'እሺ፣ አውልቄ እጠብቅሻለሁ' አለች።" ዩንሄ ግድግዳውን አየች። "ረሳሁት።"

ገናዡ በሩን ከፈት አድርጎ "የሳጥኑን ክፍተት የምንሞላበት ልብሷ የታለ? ብረት ካለበት ይነቀል፤ ሳጥኑ ከነአስከሬኑ ማቃጠያ ምድጃ ነው የሚገባው" አለ።

ዩንሄ ካናቴራውን ከቦርሳዋ አወጣች። እናቷ እንዳጠፈችው ነው፦ ተገልብጦ፣ ቁልፏ ወደ ውስጥ ተሸጉጣ። ቁልፏን ነቅላ ሴሪን መዳፍ ላይ አስቀመጠችላት።

"ይዘሽልኝ ወደ ውጭ ሂጂ።"

"እትዬ፣ እኔም ልሰናበታት..."

"ትሰናበቻታለሽ። መጀመሪያ የምነግራት አለኝ።"

ሴሪን መዳፏን አየች። "አይሰማም እኮ።"

"አውቃለሁ" አለች ዩንሄ፤ የሴሪን ኮቴ ከኮሪደሩ እስኪጠፋ አፏን ሳትከፍት ጠበቀች።