ለቀቃት

ጠበልተኛው ሁሉ «ለቀቃት! ለቀቃት!» እያለ ሲያጨበጭብ ህይወት ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋቻት። ከተወለደች ጀምሮ እንደ ደረቅ እንጨት ስትገተር የኖረችው ልጇ አደይ እቅፏ ላይ ተዝለፍልፋለች። እግሯ ተፈትቷል፤ ጡጫዋም ተከፍቷል። ሰው በሌላ ሰው ልጅ ለመደሰት ማን ይቀድመዋል!

«አደይ! አደይዬ!» ጉንጯን መታ መታ አደረገቻት። ዐይኗን አልገለጠችም።

«ተያት ትረፍ እንጂ፤ የያዛት ነገር እኮ ነው የወጣ» አለች አንዷ።

የህይወት አማት እማማ እናኑ ግን አላጨበጨቡም። ፊታቸው አመድ መስሏል።

ከቡሬ ገጠር ወደዚህ ጠበል ያመጧት እሳቸው ናቸው። አደይ ምጥ ጠንቶ ሳታለቅስ የተወለደች ልጅ ናት። ሐኪም «በምጡ ጊዜ አንጎሏ ተጎድቷል፤ የሚጥላትን ይህ ኪኒን ይከላከልላታል፤ እንዳታቋርጡ» ብሎ ነበር። ጠበሉ ዘንድ ሲደርሱ ደግሞ አጥማቂው «መድኃኒትና ጠበል አይደባለቅም» አሉ። ህይወት ኪኒኑን ከነላስቲኩ ለአማቷ ሰጠች፤ እማማ እናኑም ወርደው ተመለሱና «ገደል ጣልኩት» አሉ። ጥቂቱን ፍሬ መቀነቷ ውስጥ እንዳስቀረች ማንም አላወቀም። ጠዋትና ማታ እየፈጨች በጣቷ ታልሳት ነበር። ጠበሉን ንቃ አይደለም፤ ፈርታ ነው። ልጇን ሲጥላት ከንፈሯ ሲጠቁር አይታለች። አሁን ግን አንድ ነገር ብቻ ታሰባት፦ ደባልቄ ገደልኳት።

«እማማ፣ ትንፋሿ አነሰብኝ።»

«ተነሽ፣ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል እንሂድ» አሉ እማማ እናኑ፤ ማንንም አላማከሩም። እርጥቧን ልጅ በጋቢያቸው ጠቀለሏት።

የተሳፈሩበት ባጃጅ በኮረኮንቹ ሲንገጫገጭ ህይወት ጆሮዋን ልጇ አፍ ላይ ደቅናለች። የሞተሩ ጩኸት አላሰማት አለ።

«አጥፋው! በማርያም፣ አንዴ አጥፋው!»

ሹፌሩ ደንግጦ አጠፋው። ጸጥ አለ። ቆይቶ ቀጭን ትንፋሽ መጣ።

«ንዳው! ንዳው!»

ሆስፒታሉ ሲደርሱ ነርሷ የአደይን ዐይን ገልጣ አየችና «ምን ሰጣችኋት?» አለች።

ህይወት አማቷን አየቻቸው። ከተናገረች ጠበሉን ያበላሸች ምራት ተብላ አገር ሲያወራባት ይኖራል። ካልተናገረች ደግሞ ልጇ ትሞታለች።

«ኪኒኑን አልተውኩም» አለች። «እንደታዘዘው፣ ጠዋትና ማታ።»

የአማቷን እርግማን ጠበቀች። እማማ እናኑ እጃቸውን ደረታቸው ውስጥ ከተው አንድ ላስቲክ አወጡ። ገደል ተጣለ የተባለው ኪኒን ነበር።

«እኔም» አሉ። «እኔም ስሰጣት ነበር፣ ልጄ። አንቺ ውሃ ልትቀጂ ስትወርጂ። ብትሰሚ ትቀየሚኛለሽ ብዬ ነው የደበቅሁሽ።»

«እጥፍ ወስዳለች!» ነርሷ ልጅቱን አቅፋ ሮጠች።

ሁለቱ ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። አንዷ ሌላዋን ፈርታ፣ ሁለቱም ያችኑ ልጅ ሲያክሙ ከርመዋል። ህይወት እጇን ሰደደች፤ እማማ እናኑ ጨብጠው ያዟት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ እማማ እናኑ ወንበር ላይ እንዳሉ እንቅልፍ ሸለብ አድርጓቸው ነበር። አልጋው ላይ የአደይ እግር እንደ ወትሮው ቀስ እያለ ተገተረ። ጡጫዋ ተጨበጠ፤ የእናቷ ጣት ውስጡ ነበር። ህይወት ጮኸች።

አሮጊቷ ብንን አሉ። «ምነው? ያዛት እንዴ?»

«እሷ ናት የያዘችኝ፣ እማማ!» ህይወት እያለቀሰች ትስቃለች። «ያዘችኝ!»